የእግር ውሃ

በልደታ በዓል፣ ግንቦት 1 ቀን፣ በሰፈራችን ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ለአላፊ አግዳሚው ሲያድል ሳይ፣ ልቤ ወደ ላስታ ይሄዳል።

ታኅሣሥ 29 ለሚከበረው የገና በዓል ብዙ ምእመናን በላስታ ወደሚገኙት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለቀናት በእግር ይጓዛሉ። ሲመሽ ከአንዱ ጎጆ ደጅ ቆመው «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፦ «ቤት የእግዚአብሔር ነው!»

ወዲያው ውሃ ይሞቃል። ባለቤቱ ዝቅ ብሎ አቧራ የጠገበውን እግር አጥቦ ይስማል። ንፍሮ ይቀርባል፤ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ለደቀ መዛሙርቱ ያደረገውን እግር አጠባ ገበሬው ለማያውቀው መንገደኛ ያደርገዋል። የሚሻው ክፍያ በጸሎት መታሰብ ብቻ ነው።

ዓለም ዓለቱን የፈለፈሉትን እጆች ያደንቃል። እኔ ግን እግር የሚያጥቡትንም እጆች እኩል አከብራለሁ።